ጉድጓዱን ዘግቶ ማዳመጥ፦ ነዳጅ ከድንጋይ ውስጥ እንዴት ይወጣል?

ከባቲ በኩል የሚመጡ ቦቴዎች ኮምቦልቻ ሲደርሱ ዳር ይዘው የሚቆሙበት አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት አለች። ወደ ሥራ ስንሄድ ቁርስ የምንበላው እዚያ ነው። እኔ የውሃ ጉድጓድ ሰው ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፤ ሥራዬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታች ኮምቦልቻ፣ የቦርከናን ሜዳ ተከትሎ ነው። ባለፈው ከአንድ አንጋፋ የቦቴ ሹፌር ጋር ጠረጴዛ ተጋራን። ከጅቡቲ ናፍጣ ጭነው፣ በሚሌ አቋርጠው፣ የባቲን ዳገት ወጥተው የመጡ ናቸው። ሥራዬን ስነግራቸው ፍርፍሩን ተወት አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲያው ይሄን አንተ ታውቀዋለህ። ነዳጅ ስጭን ነው ያረጀሁት። እመሬቱ ሥር እንዴት ሆኖ ነው ያለው? እንደ ሐይቅ ተኝቶ ነው? ፓምፕ ከተው ነው የሚቀዱት?»

«ሐይቅ አይደለም ጋሼ። ድንጋይ ውስጥ ነው ያለው።»

«ድንጋይ ውስጥ!»

አላመኑኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ተማሪ ሳለሁ ቶሎ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። ያን ቀን በሁለት ብርጭቆ ሻይ መካከል የነገርኳቸውን፣ ጊዜ አጥሮኝ የዘለልኩትንም ጨምሬ እዚህ ልጻፈው። ጥያቄያቸው ቀላል ቢመስልም አንድ ሙሉ ሙያ የቆመበት ነው። እታች ያለውን ነገር ማንም በዓይኑ አያየውም። የማያዩትን ነገር ታዲያ እንዴት አድርገው ነው የሚቀዱት? ደግሞስ የቀረ መኖሩን በምን ያውቃሉ?

የሸክላ እንስራ ያስቡ። ውሃ ሞልተው ሲያስቀምጡት ውጪው ያልበዋል። አልተሰነጠቀም፣ የሚታይ ቀዳዳም የለውም፤ ውሃው ግን በገላው ውስጥ አልፎ ይወጣል። ነዳጅ ያዘለ ድንጋይም ነገሩ እንደዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ድንጋይ ወይም ኖራ ድንጋይ ነው። በእጅ ሲይዙት ጠጣር ነው። በማጉያ ሲያዩት ግን በቅንጣቶቹ መካከል ጥቃቅን ክፍተቶች አሉት። ጥሩ በሚባል ድንጋይ ውስጥ እነዚህ ክፍተቶች ተደምረው ከድንጋዩ መጠን 20 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናሉ። ነዳጁ፣ ጋዙና ጨዋማው ውሃ የሚኖሩት እዚያ ውስጥ ተጨናንቀው ነው። ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ሪዘርቮየር ይሉታል።

ክፍተት መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። እንጀራን ተመልከቱ። ዓይኑ የበዛ እንጀራ ወጥ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ወጡ ግን በጀርባው አያንጠባጥብም። ዓይኖቹ ወዲያ ወዲህ ተገናኝተው እስከ ታች አያሳልፉማ። ድንጋይም ብዙ ነዳጅ ይዞ አላሳልፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፦ ምን ያህል ይይዛል? ምን ያህልስ ያሳልፋል? የማሳለፍ ችሎታው መለኪያ ዳርሲ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ከሄንሪ ዳርሲ ነው። ዳርሲ የነዳጅ ሰው አልነበረም። የፈረንሳይዋን ዲዦን ከተማ ውሃ ያስገባ መሐንዲስ ነው። ውሃ በአሸዋ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለክቶ በ1856 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዛሬ የዓለም የነዳጅ ኩባንያዎች በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ቀመር ነው። እኛ የውሃ ሰዎች በዚህ ትንሽ እንኮራለን።

ቀጥሎ ግፊት አለ። አንድ ሪዘርቮየር 3,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆን፣ በውሃ ክብደት ብቻ ብናሰላው እንኳ ውስጡ ያለው ግፊት ወደ 300 ባር ይጠጋል። የከባድ መኪና ጎማ ወደ 8 ባር ነው። ሹፌሩ ይሄን ሲሰሙ ነው ወሬው የያዛቸው። «ታዲያ እንዲህ ከሆነ ፓምፕም አያስፈልግ፣ ራሱ ይወጣል በለኛ!» አሉ። ልክ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ጉድጓድ በራሱ ግፊት ነው የሚያፈሰው።

ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ላይ ነው። በራሱ ሲፈስ ማን ቆሞ ይለካል? በ1901 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ ስፒንድልቶፕ በተባለ ቦታ ነዳጅ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። በቀን ወደ 100 ሺህ በርሜል ይገመት ነበር። ሰው ሁሉ እየተሻማ ጎን ለጎን ጉድጓድ ቆፈረ፤ የአንዱ ማማ ከሌላው ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሁሉም ከአንድ ጎማ ነፋስ እየለቀቀ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግፊቱ ወደቀ፣ ምርቱም አብሮ ወደቀ። ነዳጁ አላለቀም። አብዛኛው እዚያው ድንጋይ ውስጥ ቀረ። የሚገፋው ነገር ነው ያለቀው።

ዛሬም ቢሆን በዓለም ዙሪያ በአማካይ ከመሬት ሥር ካለው ነዳጅ የሚወጣው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው። ሁለት ሦስተኛው እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው ጥቂት መቶኛ መጨመር ትልቅ ነገር የሚሆነው። ለሹፌሩ በወረቀት አሰላሁላቸው። አንድ ቢሊዮን በርሜል የያዘ የነዳጅ ሜዳ አለ እንበል። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። ከጠቅላላው አንድ በመቶ ብቻ ጨምረን ብናወጣ 10 ሚሊዮን በርሜል ተጨማሪ ይገኛል። 45 ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ ሲታሰብ ከ35 ሺህ ቦቴ በላይ ነው። «ከዚህ እስከ ጅቡቲ ቢደረደር?» አሉኝ። እሱን ለሳቸው ተውኩት።

ይቺ አንድ በመቶ የምትገኘው አዲስ ፓምፕ በመግዛት ብቻ አይደለም። እታች ያለውን በማወቅ ነው። ማወቂያ መንገዶቹ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹን በፍጥነት ልለፋቸው።

የመጀመሪያው ድምፅ ነው። መሬቱን በከባድ መኪና ያንቀጠቅጡና የሚመለሰውን ማሚቶ በብዙ መቀበያዎች ያዳምጣሉ። ሳይዝሚክ ይባላል። የድንጋዩን ንብብር ቅርጽ ያሳያል፤ የት እንደተቀበረ፣ የት እንደተሰበረ። ግን ከሩቅ እንደተነሳ ፎቶ ነው። ጥልቅ ቦታ ላይ ከአሥር ሜትር ያነሰ ንብብር አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው አይለይበትም።

ከተቆፈረ በኋላ ደግሞ መሣሪያ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ይሄ ሎግ ይባላል። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሎግ የተሠራው በመስከረም 1927 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አልዛስ፣ ፔሸልብሮን በተባለ የነዳጅ ሜዳ ነው። ሐሳቡ የሽለምበርዤ ወንድማማቾች ነበር። መሣሪያውን አንድ ሜትር ይስቡታል፣ ይለካሉ፣ በእጅ ይጽፋሉ፣ እንደገና አንድ ሜትር። ነገሩ የተመሠረተው በቀላል እውነት ላይ ነው፦ ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ነዳጅ አያሳልፍም። ድንጋዩ ኤሌክትሪክ ካላሳለፈ ክፍተቱን የሞላው ምናልባት ነዳጅ ነው። «ምናልባት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጭራሽ ክፍተት የሌለው ድፍን ድንጋይም አያሳልፍም። ስለዚህ የክፍተቱን መጠን በሌላ መሣሪያ ለክቶ ማስተያየት ያስፈልጋል። ይህን ወደ ስሌት የቀየረው ገስ አርቺ የተባለ የሼል ኩባንያ መሐንዲስ ነው፤ በ1942 እ.ኤ.አ.።

ኮርም አለ። መሐሉ ክፍት በሆነ መቆፈሪያ ከድንጋዩ እንደ ምሰሶ ያለ ቁራጭ ቆርጠው ወደ ላይ ያወጣሉ። እውነተኛውን ድንጋይ በእጅ መያዝ ማለት ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ውድ ነው፤ ደግሞም ትንሽ ነው። የጉድጓዱ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ጉድጓድ ብቻ ቢኖር፣ የነካነው የሜዳውን ከ30 ሚሊዮን አንድ እጅ ነው። ከጦሳ ተራራ አንድ ጠጠር አንስቶ ስለ ተራራው እንደመናገር ነው። በመሐል ያለው ሁሉ ግምት ነው።

አሁን እኔ ወደምወደው ክፍል ደረስን።

እኛ የውሃ ጉድጓድ ቆፍረን ስንጨርስ የፓምፕ ፍተሻ እናደርጋለን። ፓምፑ 24 ሰዓት፣ አንዳንዴም 72 ሰዓት ያለማቋረጥ ይስባል። የውሃው ከፍታ እየወረደ ይሄዳል፤ እኛም በመለኪያ ገመድ እየተከታተልን እንጽፋለን። ከዚያ ፓምፑ ይቆማል። ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ዋናው ሥራ ያኔ ነው የሚጀምረው። ውሃው ተመልሶ ሲወጣ መጀመሪያ በየደቂቃው፣ ከዚያ በየአምስት፣ በየአሥር ደቂቃው እንለካለን። ኮምቦልቻ ዳር ሌሊት በባትሪ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ አንዱ ሰዓት ሲጠራ አንዱ ሲጽፍ ስንት ሌሊት አንግተናል። ውሃው የሚመለስበት ፍጥነት ስለ መሬቱ ብዙ ነገር ይናገራል።

የነዳጅ ጉድጓድም በዚሁ መንገድ ይፈተሻል። ጌጅ የሚባል የግፊት መለኪያ እታች ይወርዳል፣ ቫልቩ ይዘጋል፣ ግፊቱ ቀስ በቀስ ሲያንሰራራ ይመዘገባል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚናገሩት ስለ ጉድጓዱ ዙሪያ ነው። ሰዓታት ሲያልፉ ከሩቅ ይሰማል። አንድ ቦታ ላይ ድንጋዩ ተሰብሮ የተዘጋ ግድግዳ ካለ፣ የግፊቱን መመለስ የሚያሳየው የግራፍ መስመር ይታጠፋል። ማንም ያልቆፈረበት ቦታ ላይ ያለ ግድግዳ፣ ቆሞ በማዳመጥ ብቻ ታወቀ ማለት ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ጥቅሙን በምሳሌ ላሳይ። ሁለት ጉድጓዶች አሉ፤ ሁለቱም ደካማ ናቸው፣ በቀን የሚሰጡትም እኩል ነው። ላይ ላዩን ያየ ሰው «ሁለቱም አርጅተዋል» ይላል። ፍተሻው ሲደረግ ግን የአንደኛው ድንጋይ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። የተደፈነው የጉድጓዱ ጉሮሮ ነው። ሲቆፈር የተጠቀሙበት ጭቃ በዙሪያው ያሉትን ክፍተቶች ሞልቷቸዋል። ድንጋዩ ኖራ ድንጋይ ከሆነ አሲድ ያስገቡና ያጥቡታል፤ ምርቱ ይመለሳል። የሁለተኛው ግን ድንጋዩ ራሱ አላሳልፍ ብሏል። እዚያ አሲድ ቢደፉበት ገንዘብ መድፋት ነው። መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ በከፍተኛ ግፊት ድንጋዩን መሰንጠቅ፣ ወይም ወደ ጎን መቆፈር፣ ወይም ጭራሹን መተው። ላይ ላዩን አንድ የሚመስሉትን ሁለቱን የለያቸው የሁለት ሦስት ቀን ዝምታ ነው።

ይህ ዝምታ ዋጋ አለው። በቀን 2,000 በርሜል የሚሰጥ ጉድጓድ ሦስት ቀን ሲዘጋ 6,000 በርሜል ይዘገያል። አልጠፋም፣ ዘገየ እንጂ፤ ግን ለወሩ ሪፖርት ያው ነው። የምርት ኃላፊው ፊቱን ያጠቁራል፣ መሐንዲሱ ይለማመጣል። በየነዳጅ ሜዳው ያለ ጭቅጭቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ምርቱ ነው፤ በኋላ የሚቆጨውም ያው ምርቱ።

ሹፌሩ ጎማ ያውቃሉና ሌላውን በጎማ ነገርኳቸው። ከቦቴው ጎማ ትንሽ ነፋስ ቢለቁ ጌጁ ብዙም አይወርድም። ያንኑ ያህል ከልጅ ብስክሌት ጎማ ቢለቁ ጎማው ይተኛል። ነገሩን ገልብጡት። ጎማው ተሸፍኖ ባይታይ እንኳ፣ የለቀቅሁትን ነፋስ መጠንና የወረደውን ግፊት ካወቅሁ የጎማውን ትልቅነት ልገምት እችላለሁ። የሪዘርቮየርን ትልቅነት የሚገምቱበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ስሌቱን በ1936 እ.ኤ.አ. ሺልቱይስ የተባለ መሐንዲስ አሳተመው። ግፊቱ ከተጠበቀው ያነሰ ከወረደም ይሄ ራሱ መረጃ ነው፤ ከሥር የሚገፋ ውሃ አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

ይሄ ሁሉ እንዲሠራ ግን አንድ ቁጥር የግድ ነው፤ የመጀመሪያው ግፊት። ምንም ሳይወጣ በፊት የነበረው። ያ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ካልተለካ ከዚያ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም። ማምረት ከተጀመረ ግፊቱ ተነክቷል፤ ጎማው ተንፍሷል። ሰው መረጃን እንደ ድንጋይ ያስበዋል፤ ዛሬ ባላነሳው ነገ አለ ብሎ። ይሄኛው መረጃ እንደ ወተት ነው፤ በሰዓቱ ካልያዙት ይበላሻል።

የነዳጁ ናሙናም እንደዚሁ ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ክዳኑ እንደተዘጋ ሲያዩት ጋዝ ያለው አይመስልም፤ ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ሲከፈት ቡልቅ ይላል። (ቢራ ፋብሪካ ባለበት ከተማ በአምቦ ውሃ ምሳሌ መስጠቴ ለሹፌሩ ክብር ነው፤ መንገድ ላይ ናቸው።) ድፍድፍ ነዳጅም እታች ባለው ግፊት ጋዝ ሟሙቶበት ይኖራል። ግፊቱ ከሆነ ልክ በታች ሲወርድ ጋዙ አረፋ ሆኖ ይለያል። ጋዝ ቀጭን ነው፤ ነዳጁን ቀድሞ ወደ ጉድጓዱ ይሮጣል። ገፊው ቀድሞ አመለጠ ማለት ነው። ጋዙን ያጣው ነዳጅ ደግሞ ይወፍራል፣ እዚያው ይዘፈዘፋል። ያ ልክ ስንት ባር ላይ እንደሆነ ለማወቅ ናሙናው ገና በጠዋቱ፣ ጋዙ ሳይለይ፣ ግፊቱን ጠብቆ በሚይዝ ብረት ዕቃ ውስጥ መወሰድ አለበት። ዘግይቶ የተወሰደ ናሙና ተከፍቶ ያደረ አምቦ ውሃ ነው። ከእሱ ተነስቶ የመጀመሪያውን ማወቅ ከባድ ነው።

ልኩ ከታወቀ ሥራው ይለወጣል። ግፊቱ ወደዚያ እንዳይወርድ ቀድመው ውሃ በሌላ ጉድጓድ ወደ ታች ይገፋሉ። ውሃው ሁለት ነገር ይሠራል፤ ግፊቱን ይደግፋል፣ ነዳጁንም ወደ አምራቹ ጉድጓድ ይነዳዋል። ሳውዲዎች በዓለም ትልቁ በሆነው በጋዋር ሜዳ ዙሪያ ውሃ መግፋት ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

ውሃ ግን ጠባዩ ክፉ ነው። በቀለለው መንገድ ነው የሚሄደው። በንብብሩ መካከል ብዙ የሚያሳልፍ አንድ ቀጭን ድንጋይ ካለ እሱን ይዞ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ነዳጁን ከላይና ከታች ትቶት። አንድ ቀን አምራቹ ጉድጓድ ከነዳጅ ይልቅ ውሃ መትፋት ይጀምራል። ቸኩሎ መሳብም ይሄንኑ ያመጣል። ጀበና እንደመቅዳት ነው። ቡናው ሳይሰክን፣ ደግሞም ጀበናውን ድፍት አድርጋችሁ ብትቀዱ ዝቃጩ ከስኒው ይገባል። ሰከን ብላችሁ ብትቀዱ ግን ዝቃጩ እታች እንደተኛ ይቀራል። ከነዳጁ ሥር የተኛ ውሃም በኃይል ሲሳብ እንደ ሾጣጣ ወደ ላይ ተነስቶ ይገባል።

እዚህ ላይ መረጃው የሚሠራውን ማየት ደስ ይላል። ከውሃው ጋር ምልክት የሚሆን ነገር ይቀላቅላሉ፤ በየትኛው ጉድጓድ በስንት ቀን እንደወጣ ያያሉ። በዚህ ማን ከማን ጋር እንደተገናኘ ይታወቃል። ቀጥሎ ፍሰት የሚለካ መሣሪያ ያወርዳሉ፤ ውሃው የሚገባው በየትኛው ንብብር በኩል እንደሆነ ይለያሉ። ያቺን ንብብር ብቻ በሲሚንቶ ወይም በመዝጊያ ይደፍናሉ። ውሃው ይቀንሳል፣ ነዳጁ ይጨምራል። አዲስ ጉድጓድ አልተቆፈረም።

በዚህ ታሪክ ከማንም በላይ የምወደው ኤኮፊስክ የተባለውን የኖርዌይ የነዳጅ ሜዳ ነው። ሰሜን ባሕር ውስጥ በ1969 እ.ኤ.አ. ተገኘ። ድንጋዩ ጠመኔ ነው፤ አዎ፣ አስተማሪ የሚጽፍበት ዓይነት ጠመኔ። ክፍተቱ ብዙ ነው፣ ማሳለፉ ግን ደካማ። መጀመሪያ ላይ ይወጣል ተብሎ የተገመተው 17 በመቶ ገደማ ነበር። ነዳጁ ሲወጣ ግፊቱ ወረደ፤ ግፊቱ ሲወርድ ለስላሳው ጠመኔ ከላዩ ያለውን ክብደት መሸከም አቃተውና ተጨፈለቀ። በ1984 እ.ኤ.አ. የባሕሩ ወለል እየሰጠመ መሆኑ ታወቀ፤ ባሕሩ ላይ የቆሙት የማምረቻ መድረኮችም አብረው ይወርዱ ነበር። በ1987 እ.ኤ.አ. የመድረኮቹን እግር ቆርጠው በክሪክ 6 ሜትር ወደ ላይ አነሷቸው። በትልቁ ውሃ መግፋት የጀመሩትም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ መለካት አላቆሙም። የድምፅ ምስሉን በየጊዜው እየደጋገሙ ያነሱና የድሮውን ከአዲሱ ጋር ያስተያያሉ፤ ልዩነቱ ውሃው የት እንደደረሰ፣ ነዳጅ የት እንደቀረ ያሳያል። በ2010 እ.ኤ.አ. መቀበያዎቹን በቋሚነት ባሕሩ ወለል ላይ ዘረጓቸው። ዛሬ ከኤኮፊስክ ይወጣል ተብሎ የሚጠበቀው ግማሽ ያህሉ ነው። ድንጋዩ ያው ጠመኔ ነው።

እነዚህ ሁሉ መረጃዎች መጨረሻ ላይ ኮምፒውተር ውስጥ ይገናኛሉ። ሪዘርቮየሩን በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ትናንሽ ሣጥኖች ከፋፍለው ይስሉታል። ሞዴሉ ያለፉትን ዓመታት ምርትና ግፊት መልሶ እስኪያወጣ ድረስ ያስተካክሉታል። ያለፈውን በትክክል ከተናገረ ስለ ነገውም ይጠይቁታል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ያለፈውን በትክክል የሚናገሩ ብዙ ሞዴሎች መሥራት ይቻላል፤ ስለ ነገ ግን የማይስማሙ። እንደ ሽማግሌዎች ማለት ነው፤ ባለፈው ነገር ይስማማሉ፣ ስለ መጪው ክረምት ይጨቃጨቃሉ። ብልህ መሐንዲስ ታዲያ አንዱን ሞዴል አምኖ አይቀመጥም። ሞዴሎቹ የት ቦታ ላይ እንደሚለያዩ ያይና ቀጣዩን መለኪያ እዚያ ያወርዳል። ሁሉም በሚስማሙበት ቦታ ላይ መለካት ለፎቶ ካልሆነ አይጠቅምም።

ስለ መረጃ ንጽሕናም አንድ ነገር ልበል፤ አንጀቴን ስለሚያበግነኝ። «ጉድጓዱ 100 ሜትር ላይ ውሃ አገኘ» ይባላል። ከየት ተነስቶ 100 ሜትር? ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ 1,850 ገደማ ነን። መነሻው ካልተጻፈ የሁለት ጉድጓድ ጥልቀት አይተያይም። ነዳጅ ላይ ደግሞ አንዱ ከመቆፈሪያው መድረክ ይለካል፣ ሌላው ከባሕር ወለል። አንዱ በጫማ ይጽፋል፣ ሌላው በሜትር። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ሰፈር ጉድጓድ እንድንቆፍር ላከን። ሄደን ስንጠይቅ ሽማግሌዎቹ «ከዚህ ቀደምም ተቆፍሮ ደረቅ ነው ተብሎ ተደፍኗል» አሉ። ፋይሉን ፈለግን፣ የለም። የቆፈረው ማን ነው፣ ስንት ሜትር ወረደ፣ ምን ድንጋይ አገኘ፤ ወረቀት የለም። ከድሮው ጉድጓድ ሃምሳ እርምጃ ርቀን ቆፈርን። እኛም ደረቅ አገኘን። የዚያን ፋይል ዋጋ ከፍለናል፤ የከፈለው ግን ሰፈሩ ነው።

ይሄ ለነዳጅ ሲሆን ሒሳቡ ያስደነግጣል። የኛው ካሉብ፣ ሶማሌ ክልል ውስጥ፣ ጋዝ የተገኘበት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች መጥተው ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ውል ፈረመ። ሦስት ዘመን፣ ሦስት ቋንቋ። አዲስ የሚመጣ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው መሆን ያለበት «የድሮዎቹ ሎጎች፣ ኮሮች፣ የግፊት መዝገቦች የት አሉ?» የሚል ነው። በበረሃ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ብዙ ሚሊዮን ዶላር ነው፤ የድሮውን ሎግ ከመደርደሪያ አውርዶ ማንበብ ግን የአንድ ባለሙያ የጥቂት ቀን ደሞዝ።

ሹፌሩ ሁለተኛውን ሻይ ጨርሰው «እኛ ጋስ? እጦሳ ሥር የለም?» አሉኝ። ይሄን ጥያቄ ደሴ ውስጥ በየሠርጉና በየለቅሶው እጠየቃለሁ። የወሎ ደጋ ገጹ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ንብብር በንብብር የፈሰሰ። ነዳጅ በብዛት የሚገኘው በደለል ድንጋይ ውስጥ ነው። ከእሳተ ገሞራው ሥር ያለውን ለማየት የድምፅ ምስል ቢሞከር ደግሞ ጥቁሩ ድንጋይ ድምፁን ይበትነዋል። «አብሽር ጋሼ፣ ለጊዜው ከጅቡቲ ማመላለሱ አይቀርም» አልኳቸው።

ለመሄድ ተነስተው ግን አልተንቀሳቀሱም፤ የጉድጓዱ መዘጋት ነገር አልወጣላቸውም። «ለመለካት ብለው ሦስት ቀን ይዘጋሉ አልከኝ። ባለቤቱ እሺ ካላለስ?»

ለዚህም መላ ተገኝቷል። አሁን በብዙ ጉድጓድ ጌጁ እታች ለዘለቄታው ይቀመጣል፤ ቀንና ሌሊት፣ በየሴኮንዱም ቢሆን ይመዘግባል። ጉድጓዱ ደግሞ ማንም ሳይዘጋው በራሱ የሚቆምባቸው ጊዜያት አሉ። ፓምፑ ይበላሻል፣ ቧንቧ ይጠገናል፣ መብራት ይጠፋል። ጌጁ መጠባበቂያ ኃይል ካለው በዚያች ሰዓት ግፊቱ ሲያንሰራራ ይጽፋል። የማንንም ፈቃድ ያልጠየቀ፣ ገንዘብ ያልተከፈለበት ፍተሻ ነው። መሐንዲሱ መብራት በጠፋ ቁጥር መረጃ ያገኛል።

ሹፌሩ ቁልፋቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ጣሪያው ላይ ወዳለችው አምፖል ቀና አሉ። ከጠዋት ጀምሮ እንደጠፋች ነበር።

«ኮምቦልቻ ቢሆን» አሉ፣ «ይሄኔ ሁሉንም አውቀው ጨርሰው ነበር።»